አንዲት «ኖን»፦ የተቃዋሚው ወንበር ታሪክ

በ1762 ገና ሃያ ዓመት ያልሞላው የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ዊሊያም ፔሊ የዓመቱ የሙግት ዳኛ ወደነበረው ወደ ሪቻርድ ዋትሰን ዘንድ ሄደ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ለመመረቅ በአደባባይ መሟገት ግዴታ ነበርና የሚሟገትባቸውን ነጥቦች በላቲን ጽፎ ይዟል። ከነጥቦቹ አንዱ የኃጥአን ቅጣት ዘላለማዊ መሆኑ ከእግዚአብሔር ባሕርያት ጋር ይቃረናል የሚል ነበር። ዋትሰን አይቶ ተቀበለው።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ፔሊ ደንግጦ ተመለሰ። የኮሌጁ ኃላፊ እንዲህ ባለ ነጥብ ላይ ቆሞ እንዳይሟገት ከልክለውታል። ዋትሰን ነጥቡን እንዲለውጥ ወዲያው ፈቀደለት። ቀላል መውጫም አሳየው፤ «ኮንትራዲኪት» ከሚለው ቃል በፊት «ኖን» ጨምርበት አለው። ፔሊም ጨመረ።

በአማርኛ ቢሆን ኖሮ ግሡን ከፊትም ከኋላም ይዞ «ይቃረናል»ን «አይቃረንም» ማድረግ ያስፈልገው ነበር። በላቲን ግን ሦስት ፊደል ያላት አንዲት ቃል ጣል ማድረግ ይበቃል። ፔሊ ሊያፈርሰው የተነሣውን ትምህርት ሊጠብቀው ቆመ ማለት ነው።

ይህን ታሪክ የምናውቀው ከራሱ ከዋትሰን ማስታወሻ ነው። መጽሐፉ የታተመው ዋትሰን ከሞተ በኋላ በ1817 ሲሆን ነገሩ ከሆነ ከግማሽ ምዕት ዓመት በላይ አልፎታል። ዋትሰን በእርጅናው ሲጽፍ የራሱን ነፃነትና የኮሌጁን ኃላፊ ፍርሃት ትንሽ አጉልቶ ሊሆን ይችላል። የታሪኩ አጥንት ግን ዩኒቨርሲቲው በዚያ ዘመን ይሠራበት ከነበረው ሥርዓት ጋር ይገጥማል።

የዛሬ አንባቢ ታሪኩን ሲሰማ በፔሊ ላይ መፍረዱ አይቀርም። ዛሬ ይቃረናል፣ ነገ አይቃረንም የሚል ሰው ምን ዓይነት ምሁር ነው? ፍርዱ ግን አንድ ነገር ይዘላል። «ኖን» ስትገባ የፔሊ የመጀመሪያ ሐሳብ ከአዳራሹ አልወጣም፤ ወንበር ብቻ ነው የቀየረው። ፔሊ «አይቃረንም» ካለ፣ ፊት ለፊቱ የሚቆሙት ተቃዋሚዎች «ይቃረናል» ማለት ግድ ይሆንባቸዋል። የኮሌጁ ኃላፊ ከመላሹ አፍ ያስወጡት ሐሳብ በተቃዋሚው አፍ ተመልሶ ገባ፤ ያውም በዩኒቨርሲቲው ሕግ ተገድዶ። ማንም ሰው አምኖበት ሊናገረው የማይደፍረውን ነገር ተቃዋሚው በሥራው ምክንያት ሳይፈራ ይናገረዋል። የዚህን ወንበር ታሪክ ወደ ኋላ መከተል የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

በመጀመሪያ ወንበሩ ራሱ እንዴት እንደሚሠራ እንይ። በ18ኛው ምዕት ዓመት ካምብሪጅ ይህ ሙግት «አክት» ይባል ነበር። ተረኛው ተማሪ መላሽ ነው። ሦስት ነጥቦች ያቀርባል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከኒውተን ትምህርት ወይም ከሌላ የሒሳብ ጉዳይ የተወሰደ፣ ከሥነ ምግባር ፍልስፍና የተወሰደም ይኖርበታል። ዳኛው ከእኩዮቹ መካከል ሦስት ተቃዋሚዎችን ይመድብበታል። መላሹ በላቲን ንግግር ነጥቡን ካስረዳ በኋላ አንደኛው ተቃዋሚ ይነሣል፤ ከዚያ ሁለተኛው፣ ከዚያ ሦስተኛው። ዛሬ መላሽ የሆነው ሌላ ቀን በሌላው ላይ ተቃዋሚ ሆኖ ይመደባል።

ተቃዋሚው እንደልቡ መናገር አይፈቀድለትም። መከራከሪያውን በሲሎጂዝም፣ ማለትም በሁለት መነሻና በአንድ መደምደሚያ ሰድሮ ማቅረብ አለበት። የፔሊ ተቃዋሚዎች በዕለቱ ያሉት ቃል በእጃችን የለም። በደንቡ መሠረት ግን አንዱ እንዲህ ዓይነት ነገር ሊል ይችል ነበር፦ ፍጹም ቸር የሆነ ፍጻሜ የሌለው ቅጣት አይቀጣም፤ እግዚአብሔር ፍጹም ቸር ነው፤ እንግዲህ እግዚአብሔር ፍጻሜ የሌለው ቅጣት አይቀጣም። መላሹ በዚህ ጊዜ «አይመስለኝም» ብሎ መቀመጥ አይችልም። የቱን መነሻ እንደሚክድ ለይቶ መናገር አለበት። ወይም መነሻዎቹን ተቀብሎ መደምደሚያው ከእነርሱ እንደማይወጣ ያሳያል። ወይም አንዱን ቃል ለሁለት ይሰነጥቀዋል፤ «ቸር» በዚህ ትርጉሙ እቀበላለሁ፣ በዚያኛው እክዳለሁ ይላል። ተቃዋሚው ደግሞ የተካደበትን መነሻ በአዲስ ሲሎጂዝም ለማጽናት ይነሣል። እንዲህ እያለ ጭቅጭቁ እየጠበበ ሄዶ ሁለቱ የሚለያዩባት ቀጭን ነጥብ ላይ ይደርሳል።

የአገራችንን የድሮ የአደባባይ ሙግት የሚያውቅ ሰው ይህ ሁሉ እንግዳ አይሆንበትም። «ተጠየቅ» ተብሎ የተነሣበት ሰው ጥያቄውን ትቶ በሌላ ወሬ ሊያመልጥ አይችልም ነበር። ልዩነቱ በእኛ አደባባይ ከሙግቱ በስተጀርባ ርስት ወይም ደም መኖሩ ነው። በካምብሪጅ አዳራሽ ሁለቱም ተከራካሪዎች ማታ ወደ መኝታቸው ሲሄዱ መሬት ያጣም ያገኘም የለም።

የዚህ ወንበር ሥር ከካምብሪጅ በሁለት ሺህ ዓመት ይቀድማል። አርስቶትል «ቶፒካ» በተባለው ሥራው፣ በተለይም በመጨረሻው በስምንተኛው መጽሐፍ፣ ጠያቂና መላሽ ሆነው ለሚለማመዱ ሰዎች ደንብ ጽፏል። መላሹ አንድ ሐሳብ ይይዛል፤ ጠያቂው «አዎ» ወይም «አይደለም» በሚያስብሉ ጥያቄዎች መላሹን ወደማይመች መደምደሚያ ለመንዳት ይሞክራል። አርስቶትል ለመላሹ የሰጠው ምክር ብልህ ነው፦ ብትሸነፍም ጥፋቱ ያንተ ሳይሆን የያዝከው ሐሳብ መሆኑ ይታይልህ ይላል በጠቅላላ ሐሳቡ። ሰው ከያዘው ሐሳብ ተለይቶ ሊታይ መቻሉ የዚህ ሁሉ ሥርዓት መሠረት ነው። ሁለተኛውም ነገር ከዚያው መጽሐፍ ይገኛል፤ ሙግቱ የሁለቱም የጋራ ሥራ ስለሆነ ሥራውን በተንኮል የሚያሰናክል ሰው ጠያቂም ይሁን መላሽ መጥፎ ባልደረባ ነው።

የአርስቶትል የሎጂክ መጻሕፍት በሙሉ በላቲን ተሰብስበው ወደ ምዕራብ አውሮፓ ትምህርት ቤቶች የገቡት በ12ኛው ምዕት ዓመት ነው። በዚያው ዘመን ፒተር አቤላርድ «ሲክ ኤት ኖን»፣ «አዎና አይደለም» እንደማለት፣ በተባለ መጽሐፉ 158 ጥያቄዎችን አንሥቶ በእያንዳንዱ ላይ የቤተ ክርስቲያን አባቶች እርስ በርሳቸው የሚጋጩ የሚመስሉ ቃላትን ደረደረ። መፍትሔውን ግን አልጻፈም። ተማሪው መጠራጠርንና መጠየቅን እንዲለማመድበት ነበር የተወው።

በ13ኛው ምዕት ዓመት በፓሪስ ዩኒቨርሲቲ ይህ ልማድ ቋሚ ሥርዓት ሆነ። መምህሩ ጥያቄ ያወጣል፤ በመጀመሪያው ቀን ከተሰበሰቡት መምህራንና ተማሪዎች ተቃውሞ ይዘንባል፤ መላሽ ሆኖ የተመደበው ከፍተኛ ተማሪ ይከላከላል። በሌላ ቀን መምህሩ ተመልሶ ሁለቱን ወገን መዝኖ ፍርዱን ይሰጣል። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ከገና በፊት ባለው ጾምና በዐቢይ ጾም ወቅት፣ ከዚህ የከበደ ሙግት ይደረግ ነበር። በዚያን ቀን ማንም ሰው ስለማንኛውም ነገር መጠየቅ ይፈቀድለታል። መምህሩ ምን እንደሚመጣበት አያውቅም፤ አንዳንዱም በጉዳዩ ሳይሆን በመምህሩ ቂም ይዞ ይመጣል። ይህን ሙግት የሚደፍሩ መምህራን ጥቂት ነበሩ።

ከዚህ አዳራሽ የወጣው ትልቁ ሰው ቶማስ አኲናስ ነው። «ሱማ» የተባለው መጽሐፉ ለብቻው ተቀምጦ የጻፈው ነው፤ ቅርጹ ግን የአዳራሹን ድምፅ ይዟል። እያንዳንዱ ርዕስ የሚጀምረው በተቃዋሚው ነው። እግዚአብሔር አለ ወይ በሚለው ርዕስ ላይ መጀመሪያ የሚናገረው የሚክደው ወገን ነው፤ ሁለት መከራከሪያም ያቀርባል። ፍጻሜ የሌለው ቸርነት ቢኖር ኖሮ ለክፋት ቦታ አይተርፍም ነበር፤ ክፋት ግን በዓለም አለ። ሁለተኛም በዓለም የሚታየው ሁሉ በተፈጥሮና በሰው ፈቃድ ሊገለጽ ይችላል፤ ሌላ መነሻ መፈለግ አያስፈልግም። ቶማስ በእነዚህ ላይ የሚመልሰው ተቃዋሚው ተናግሮ ከጨረሰ በኋላ ነው።

በእኛ ጉባኤ ቤት መጻሕፍትን የሚተረጉሙ ሊቃውንት «አንድም» እያሉ ፍቺዎችን ጎን ለጎን ይደረድራሉ፤ አንዱ ሌላውን አይሽርም። የቶማስ መጽሐፍ ግን ሁለት ሐሳቦችን ፊት ለፊት ያቆማቸዋል። ልብ የሚባለው ነገር መነኩሴው ቶማስ ለካጁ ያበደረው ጥንካሬ ነው። የክፋትን ጥያቄ ከዚያ በኋላ ያነሡ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ በሁለት ዐረፍተ ነገር ከዚህ በተሻለ ያስቀመጠው ግን ብዙ አይደለም። ተቃዋሚን ደካማ አድርጎ መሳል በዚያ አዳራሽ ላደገ ሰው ውርደት ነበር፤ ደካማ ተቃዋሚ የመላሹን ጉልበት አያሳይምና።

የተቃዋሚው ጥበብ ከሁሉ በላይ የረቀቀው በኦክስፎርድ ነው። ሎጂከኛው ዋልተር በርሊ በ1302 ገደማ «ኦብሊጋትዮ» ስለተባለ የሙግት ዓይነት ጻፈ። ቃሉ ግዴታ ማለት ነው። ጨዋታው የሚጀምረው ተቃዋሚው ሁለቱም ሐሰት መሆኑን የሚያውቁትን ነገር በማስቀመጥ ነው። መላሹ ይቀበላል፤ ከዚያ በኋላ በሦስት ሕግ ይታሰራል። ከተቀበለው ነገር የሚወጣውን ሁሉ መቀበል፣ ከተቀበለው ጋር የሚጋጨውን ሁሉ መካድ፣ ከሁለቱም ለማይገባው ደግሞ እንደ እውነቱ መመለስ አለበት። ነገሩን ቀረብ ብለን እንየው።

ተቃዋሚው ኦክስፎርድ ለተቀመጠው መላሽ «ሮም ነህ» ይለዋል። መላሹ ይቀበላል።

ተቃዋሚው ይቀጥላል፦ «ወይ ሮም አይደለህም፣ ወይ ጳጳስ ነህ።» መላሹ ያስባል። ይህ ሮም ነኝ ከማለቴ አይወጣም፤ ከእርሱም ጋር አይጋጭም፤ ስለዚህ እንደ እውነቱ ልመልስ። እውነቱ ደግሞ ሮም አለመሆኔ ነው። «ወይ፣ ወይ» ከተባሉት ሁለት ነገሮች አንዱ እውነት ከሆነ አነጋገሩ በሙሉ እውነት ነው። እንግዲህ «እቀበላለሁ» ይላል።

ተቃዋሚው ሦስተኛውን ያመጣል፦ «ጳጳስ ነህ።» መላሹ አሁን ተይዟል። ሮም ነኝ ብሏል፤ ወይ ሮም አይደለሁም ወይ ጳጳስ ነኝም ብሏል። የመጀመሪያው በር በራሱ ቃል ተዘግቷል፤ የቀረው ጳጳስነት ብቻ ነው። ጳጳስነትን መቀበል ግዴታው ሆነ።

እዚህ ላይ የተቃዋሚው ችሎታ የሚታየው በቅደም ተከተሉ ነው። «ጳጳስ ነህ»ን አስቀድሞ ቢጠይቅ ኖሮ መላሹ እንደ እውነቱ ይክድ ነበር፤ ከዚያ በኋላ «ወይ፣ ወይ» የሚለው ሲመጣ ካለፈው ጋር ስለሚጋጭ እርሱንም ይክዳል፤ ወጥመዱም ባዶ ይቀራል። በ1330ዎቹ ሮጀር ስዋይንስሄድ የተባለ ሌላ የኦክስፎርድ ሰው ይህን ችግር ለመፍታት ሕጉን ለወጠ። እያንዳንዱ ጥያቄ መጀመሪያ ከተቀመጠው ነገር ጋር ብቻ ይመዘን፤ በመካከል የተባለው አይቆጠር አለ። ጨዋታው የሚያበቃው «ኬዳት ቴምፑስ»፣ ጊዜው ይብቃ፣ በሚል ቃል ነው። ያን ጊዜ መላሹ ከሮም ወደ ኦክስፎርድ ይመለሳል፤ ጳጳስነቱም ይቀርለታል።

ይህ ልምምድ ለምን እንደተፈጠረ የፍልስፍና ታሪክ ጸሐፊዎች ገና አልተስማሙም። አንዳንዶቹ የተማሪ ማሠልጠኛ፣ ሌሎች ያልሆነን ነገር ቢሆን ብሎ ማሰቢያ መንገድ ነበር ይላሉ። ለእኛ ጉዳይ የሚበቃው ግን ጨዋታው ሐሰት መሆኑ በታወቀ ነገር መጀመሩ ነው። መላሹ በሐሰት አይቀጣም፤ የሚሸነፈው የራሱን ቃል በራሱ ቃል ሲያፈርስ ብቻ ነው። ተቃዋሚውም መላሹን ሐሰተኛ ለማሰኘት አይደክምም። የሚፈልገው በመላሹ ንግግር ውስጥ ስንጥቅ መኖሩን ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ቂም መያዣ አያገኝም።

ይህ ሁሉ ግን ወሰን ነበረው። የፓሪሱ ጳጳስ ኤቲየን ታምፒየር መጋቢት 7 ቀን 1277 219 ነጥቦችን አወገዘ፤ ብዙዎቹ በአርስቶትል ትምህርት ዙሪያ በጥበባት ፋኩልቲ ይነሡ የነበሩ ናቸው። አንድን ሐሳብ ለሙግት ማንሣት እንደ እምነት ሊቆጠርብኝ ይችላል የሚል ፍርሃት ከዚያ ቀን ጀምሮ በአዳራሹ ተቀመጠ።

ከዚህ የከፋውን የእኛ ታሪክ ይነግረናል። ኢየሱሳውያን የተባሉት የካቶሊክ ማኅበር አባላት በ1599 ባወጡት የትምህርት ሥርዓታቸው ሙግትን የትምህርት ቤቶቻቸው ቋሚ ሥራ አድርገው ነበር። በዚያው ማኅበር የሠለጠነው ፔድሮ ፓኤዝ በ1603 ትግራይ ፍሬሞና ደረሰ። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ስለ ክርስቶስ ባሕርይ በቤተ መንግሥት የተደረጉት ክርክሮች በመልካቸው የፓሪስን ሊመስሉ ይችላሉ፤ በሁለት ወገን የተማሩ ሰዎች አሉ፤ መጻሕፍት ይጠቀሳሉ፤ ዳኛም አለ። ዳኛው ግን ሠራዊት ያለው ንጉሥ ነው። የክርክሩም ፍርድ አዋጅ ሆኖ ይወጣል። ሱስንዮስ በ1622 የካቶሊክን ሃይማኖት በይፋ ተቀበለ፤ አዋጁ አመፅን፣ አመፁም ብዙ ደምን አመጣ፤ በ1632 ንጉሡ የቀድሞውን ሃይማኖት መልሶ ዙፋኑን ለልጁ ለፋሲለደስ ተወ። በዚያ አደባባይ «አይደለም» ያለ ሰው ጉባኤው ሲበተን ከቃሉ ተለይቶ ወደ ቤቱ መግባት አይችልም ነበር። ተቃዋሚ ነበረ፤ የተቃዋሚ ወንበር ግን አልነበረም።

ወደ ካምብሪጅ ስንመለስ ወንበሩ በሌላ በሽታ ሲዳከም እናገኘዋለን። እዚያ ያደከመው ልማድ ነው። ተቃዋሚዎቹ አስቀድመው ተገናኝተው ማን ምን እንደሚል ይነጋገሩ ነበር። ላቲኑ ከዓመት ወደ ዓመት እየተሰባበረ ሄደ። በሌላ በኩል የጽሑፍ ፈተና እየጎላ መጣ፤ ሒሳብን በሲሎጂዝም ከመጨቃጨቅ በወረቀት ሠርቶ ማሳየት ለፈታኙም ለተፈታኙም ቀለለ። በ1830ዎቹ መጨረሻ ሙግቱ ቀረ።

ስሙ ግን አልቀረም። በካምብሪጅ የሒሳብ ትምህርት በመጨረሻው ዓመት አንደኛ ማዕረግ የሚያገኙ ተማሪዎች እስከ ዛሬ «ራንግለር» ይባላሉ፤ ተጨቃጫቂ፣ ተነታራኪ እንደማለት ነው። ፈተናው ደግሞ «ትራይፖስ» ይባላል። የዚህ ቃል መንገድ የሚያስገርም ነው። በጥንቱ የምረቃ ሥነ ሥርዓት አንድ ቀደም ብሎ የተመረቀ ሰው ባለ ሦስት እግር በርጩማ ላይ ተቀምጦ ከዕጩዎቹ ጋር ይሟገት ነበር። ስሙ ከበርጩማው ወደ ተቀማጩ ተላለፈ። ተቀማጩ ከጊዜ በኋላ ቀልደኛ ሆነና ቀልዱ ቅጥ ሲያጣ በእርሱ ፈንታ የላቲን ግጥም ማደል ተጀመረ፤ ስሙም ወደ ግጥሙ ሄደ። በ18ኛው ምዕት ዓመት አጋማሽ የተመራቂዎች ስም ዝርዝር በግጥሙ ወረቀት ጀርባ ይታተም ስለጀመረ ስሙ ወደ ዝርዝሩ፣ ከዝርዝሩም ወደ ፈተናው ተሻገረ። ዛሬ ብቻውን ወረቀት ላይ አቀርቅሮ የሚፈተን ተማሪ ሳያውቀው የሚጠራው የአንድ ተቃዋሚን በርጩማ ነው።

ወንበሩ እንዳለ የቀረው በሰሜን አውሮፓ ነው። በስዊድንና በፊንላንድ የዶክትሬት ዕጩ ጽሑፉን በአደባባይ ሲከላከል ፊት ለፊቱ የሚቆመው ምሁር የማዕረጉ ስም በቀጥታ «ተቃዋሚ» ነው። ከሌላ ዩኒቨርሲቲ፣ ብዙ ጊዜም ከሌላ አገር ይጠራል። በስዊድን ጽሑፉ ከሙግቱ ሳምንታት ቀድሞ በሚስማር ሰሌዳ ላይ ተቸንክሮ ለሕዝብ የሚገለጥበት ልማድ አለ፤ ማንም አንብቦ ተቃውሞውን እንዲያዘጋጅ ነው።

አሁን ወደ ፔሊ እንመለስ። በጥር 1763 የተመራቂዎች ዝርዝር ሲወጣ ፔሊ አንደኛ ሆነ። ከእርሱ ቀጥሎ ሁለተኛ የወጣው የኪስ ኮሌጁ ጆን ፍሬር ነው። ሁለቱም በአንድ ሥርዓት አድገዋል፤ ሁለቱም መላሽም ተቃዋሚም ሆነው በሁለቱም ወንበር ላይ ቆመዋል። ከዚያ በኋላ መንገዳቸው ተለያየ።

ፍሬር የመሬት ባለቤትና የጥንት ነገሮች ወዳጅ ሆነ። በ1797 በሰፎክ አውራጃ ሆክሰን በምትባል ቦታ የሸክላ አፈር ከሚቆፈርበት ጉድጓድ ስለወጡ የተጠረቡ ድንጋዮች ለለንደን የጥንታዊ ቅርሶች ማኅበር ደብዳቤ ጻፈ። ድንጋዮቹ 12 ጫማ ያህል ወደ ታች፣ ከበርካታ የአፈር ንብርብሮች ሥር የተገኙ ናቸው። ፍሬር የብረታ ብረትን ጥቅም የማያውቁ ሰዎች የሠሯቸው መሣሪያዎች መሆናቸውን፣ የተገኙበትም ጥልቀት እጅግ ሩቅ ወደሆነ፣ ምናልባትም ከአሁኑ ዓለም ወደሚቀድም ዘመን የሚያመለክት መሆኑን ጻፈ። የሰው ልጅ ዕድሜ ጥቂት ሺህ ዓመት ብቻ ነው ተብሎ በሚታመንበት ዘመን ይህ ድፍረት ነበር። ደብዳቤው በማኅበሩ ፊት ተነበበ፤ ምስጋና ቀረበለት፤ በ1800 ታተመ። ከዚያ በኋላ ዝም ተባለ። ስህተት ነው ያለው የለም፤ እውነት ነው ያለውም የለም።

ፔሊ በበኩሉ በ1802 «የተፈጥሮ ሥነ መለኮት» የተባለ መጽሐፉን አሳተመ። ሜዳ ላይ ወድቆ የተገኘ ሰዓት ሠሪ እንዳለው ሁሉ የተፈጥሮ ጥበብም ሠሪ እንዳለው የተከራከረበት ነው። ይህ መጽሐፍ አንባቢ ሞልቶት ነበር። ከአንባቢዎቹ አንዱ ከ1828 ጀምሮ በፔሊ በራሱ ኮሌጅ፣ በክራይስትስ፣ የተማረው ቻርልስ ዳርዊን ነው። ዳርዊን በወጣትነቱ የፔሊ አከራከር እጅግ ደስ ያሰኘው እንደነበር በሽምግልናው ጽፏል። ከሐሳቡ ጋር የሚጋጭ ነገር ባጋጠመው ቁጥር ሳይውል ሳያድር የመመዝገብ ልማድ እንደነበረውም ይናገራል፤ የሚቃወመን ነገር ከሚደግፈን ይልቅ ቶሎ ከአእምሮ እንደሚጠፋ ተገንዝቦ ነበርና። «የዝርያዎች አመጣጥ» በኅዳር 1859 ሲወጣ በራሱ ሐሳብ ላይ የሚነሡትን ችግሮች የሚዘረዝር ሙሉ ምዕራፍ ይዞ ነበር። ሙግቱ ከካምብሪጅ አዳራሽ ከጠፋ ሃያ ዓመት ሆኖታል፤ ዳርዊን የተቃዋሚውን ወንበር በመጽሐፉ ውስጥ ለራሱ አስቀመጠ። የፔሊ ሰዓት ብርቱ ተቃዋሚውን ያገኘው ያን ጊዜ ነው፤ እስከ ዛሬም በፍልስፍና ክፍሎች ያለ እረፍት ይሟገቱበታል።

በዚያው በ1859 ጆን ኢቫንስ የተባለ እንግሊዛዊ ከፈረንሳይ የሶም ሸለቆ ተመለሰ። እዚያ ከጠፉ እንስሳት አጥንት ጋር በአንድ ንብርብር ስለተገኙ የተጠረቡ ድንጋዮች ምሁራን በብርቱ ይከራከሩ ነበርና ጉዳዩን በዓይኑ አይቶ መጥቷል። በለንደን በጥንታዊ ቅርሶች ማኅበር ቤት በመስታወት ሣጥን ውስጥ የተቀመጡ ድንጋዮች ዓይኑን ያዙት። በፈረንሳይ ካያቸው ጋር አንድ ዓይነት ናቸው። የፍሬር የሆክሰን ድንጋዮች ነበሩ።

ስልሳ ሁለት ዓመት ያህል በሣጥኑ ተቀምጠዋል። አንድ ተቃዋሚ በ1797 ተነሥቶ ቢከራከር ኖሮ ነገሩ ቀድሞ ይገለጥ ነበር ብሎ መማል የታሪክ ጸሐፊ ሥራ አይደለም። መዝገቡ የሚያሳየን የሆነውን ብቻ ነው። በ1763 ዝርዝር አንደኛ የወጣው ሰው ሐሳብ ከአድናቂም ከተቃዋሚም ጋር ኖረ። ሁለተኛ የወጣው ሰው ሐሳብ ደግሞ ምስጋና ብቻ ተቀብሎ ተቀበረ። ድንጋዮቹን ከሣጥኑ ያወጣቸው በሌላ አገር ስለሌሎች ድንጋዮች የተነሣ ጭቅጭቅ ነው።